ያለ ዱቤ የዋለ ገና

የባለፈው ዓመት የገና ዶሮ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። እስቲ አስቡት፣ ዶሮው የተበላው ታኅሣሥ 29፣ ወጡ ያለቀው በሦስተኛው ቀን፣ እኔ ግን የካቲት መጨረሻ ላይ ሽሮ እየበላሁ የዶሮና የቅቤ ብር እመልሳለሁ። ለዶሮና ለቅቤው ከሥራ ባልደረባዬ ተበድሬ ነበር፣ ዘይቱንና ለስላሳውን ደሞ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ። ባለሱቁ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ አንድም ቀን በሰው ፊት ጠይቆኝ አያውቅም፣ ግን በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው፣ ስኳር ሲያልቅብኝ እንኳን ልጄን ራቅ ወዳለው ሱቅ ነበር የምልከው። አንድ ማታ ለባለቤቴ "ከእንግዲህ በዓል በዱቤ አልውልም" አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "እኔም ልልሽ ፈልጌ እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው የተውኩት" አለኝ።

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ ባለቤቴ ግንበኛ ነው፣ የግንበኛ ሥራ ደሞ ይታወቃል፣ ክረምት ዝናብ ነው ይቆማል፣ በጋ ሲገባ ሲሚንቶ ተወደደ ተብሎ ይቆማል፣ ሲኖር ደህና ነው ሲጠፋ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠፋል። ትልቁ ልጃችን 12 ዓመቱ ነው ትንሿ 7። ድሮ ገናን የምንውለው ገጠር እናቴ ጋ ነበር፣ በቢቸና በኩል። እዛ እኮ ወጪ የሚባል ነገር የለም፣ ዶሮው ከቤት፣ ቅቤው ከቤት፣ ጤፉ ከአውድማ የገባ ሳምንቱ፣ ጠላው በጋን ተጠምቆ፣ እኛ ይዘን የምንሄደው ቡናና ስኳር ሳሙና ምናምን ነው። አሁን መንገዱ እንደልብ አይደለም፣ ልጅ ይዞ መንቀሳቀስ ያስፈራል፣ ዘንድሮ እዚሁ ከተማ ስንውል ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ከተማ ላይ ደሞ ሁሉም ነገር በብር ነው፣ ቄጠማው ሳይቀር።

እና መስከረም ሲያልቅ አንድ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አጥቤ አድርቄ ክዳኑን በቢላ ሰነጠቅኩና ቁምሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ 250 ብር እጨምራለሁ። ባንክ ለምን አታስቀምጪም ትሉኝ ይሆናል፣ ስልኬ ላይ ያለ ብር አይበረክትልኝም፣ ጠዋት ታክሲ ማታ ዳቦ እያለ ሳላየው ያልቃል፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ግን ለማውጣት ክዳኑን መገንጠል አለብኝ፣ ልጆቹም ያዩኛል። ሁለት ቅዳሜ ዘልያለሁ፣ አንዷን ትንሿ ልጄ አሟት ሕክምና ወስጃት ነው፣ ግን ሁለቱንም በሚቀጥለው ሳምንት 500 አድርጌ ሞላኋቸው። በ12 ሳምንት 3,000 ብር። ለአንዳንድ ሰው ይቺ የአንድ ቀን ወጪ ናት፣ ለኛ ቤት ግን ትልቅ ብር ነው፣ በዛ ላይ የራሳችን ነው።

ብሩን ማጠራቀሙ አንድ ነገር ነው፣ በምን ላይ እናውለው የሚለው ግን ሌላ ነው። ኅዳር 14 እሑድ ነበር፣ ቅበላ፣ በማግስቱ የነቢያት ጾም ይገባል። ከሰዓት ቡና አፍልቼ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ሐሳብ መጣልኝና "እስቲ ሁላችሁም ንገሩኝ፣ ገና ገና የሚመስላችሁ ምን ስታገኙ ነው? አንድ አንድ ነገር ብቻ" አልኳቸው።

ትንሿ ሳታስብ "ሁለት እንቁላል!" አለች። አንድ ለሰው በሚለው የዶሮ ወጥ እንቁላል ሁሌ ትናደዳለች፣ ቶሎ ያልቅባታል፣ የወንድሟን ስታይ ትቀራለች። ትልቁ "ሸንኮራና የገና ዱላ" አለ፣ ሁለት ነው ስለው "ዱላውን እኔ ራሴ ነው የምቆርጠው፣ ብር አያስወጣም" ብሎ ተከራከረኝ፣ እውነቱን ነው። ባለቤቴ ሲኒውን እያሽከረከረ ብዙ ቆየና "ጥሬ ሥጋ በዳጣ፣ ትንሽም ብትሆን" አለ። እኔ ደሞ እንድትስቁብኝ አይደለም የምነግራችሁ፣ የጾም ፍቺ ጠዋት ወተት ሲፈላ ከላይ የሚይዘው ስልባቦት፣ እሱን ትኩስ ዳቦ ላይ አድርጌ። ልጅ ሆኜ እናቴ ለኔ ብቻ ነበር የምታነሳልኝ።

ከዛ በኋላ ማታ ተኝቼ ሳስበው አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ማንም በግ አላለም። ማንም ለስላሳ አላለም። ባለፈው ዓመት እኮ የተበደርኩት ለሁለት አውራ ዶሮ፣ ለአንድ ሳጥን ለስላሳ፣ ለአዲስ የሶፋ ጨርቅ፣ ለኬክ ነበር። ኬኩን ልጆቹ ክሬሙን ልሰው ነው የተዉት። ያን ሁሉ ወር አንገቴን ደፍቼ የከፈልኩት ማንም ላላሰበው ነገር ነው ማለት ነው፣ ቤቴ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚወዱት ነገር ደሞ እንቁላልና ሸንኮራና ስልባቦት ነው። አንድ ቤት አብሬያቸው እየኖርኩ ይህንን ጠይቄ አለማወቄ ቅር አለኝ። የገዛሁት ለእንግዳ ዓይን ነበር፣ ቲክቶክ ላይ የማየው ገበታም ሳይገፋኝ አልቀረም። እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም ይል ነበር አባቴ፣ ያኔ ንፉግነት ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ዕቅዱ ቀላል ሆነ። አንድ ዶሮ በደንብ ተሠርቶ፣ ለያንዳንዱ ሰው የጠየቃት ነገር፣ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ፣ ቡና፣ በቃ። ከዛ ወዲያ የቀረው ሁሉ የጊዜ ጉዳይ ነው፣ መቼ ነው የምትገዛው የሚለው ዋጋውን ይለያየዋል።

ቅቤን እንውሰድ። ቅቤ የሚወደደው በዓል ሊገባ ሲል ነው፣ ያኔ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ይፈልገዋል። ጾም መሐል ላይ ግን ማን ይገዛል? ገበሬዎቹ ጋ ግን ላም እየታለበች ነው፣ ወተቱ እየተናጠ ነው፣ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ታኅሣሥ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ግማሽ ኪሎ በ450 ብር ገዛሁ። አሽትቼ፣ ጣቴ ላይ አሽቼ አይቼ (ሙዝ ወይ ድንች የተቀላቀለበት ያጋጥማል፣ ሲያሹት ይታወቃል)። ቤት መጥቼ በኮረሪማና በኮሰረት በአብሽና በእርድ አነጠርኩት። በጾም ቅቤ ማንጠር ፈተና ነው መቼም፣ ሽታው ግቢውን ሞላው፣ ትንሿ ልጄ በር ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች፣ "እማዬ ማሽተት ይገድፋል?" አለችኝ። አይገድፍም አልኳት። ወንበር አምጥታ ተቀመጠች፣ እስኪበርድ ድረስ አልተነሳችም። ብር ያልወጣበት የገና ደስታ ማለት ለኔ ያ ነው፣ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በቤታችን ገባ። የተነጠረውን በሁለት ብልቃጥ ከፋፍዬ አንዱን ለገና አንዱን ለሌላ ጊዜ ብዬ አስቀመጥኩ፣ ከታች የቀረውን ዝቃጭ ደሞ አልደፋሁትም፣ በትንሽ ዕቃ ከድኜ አቆየሁት፣ በፍስክ ፍርፍር ሲሠራ ለጉድ ነው የሚጣፍጠው።

ዶሮውም እንደዛው። በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከአንድ የገጠር ሰው ቀይ አውራ ዶሮ በ850 ብር ገዛሁ፣ የዋዜማው ሰሞን ጎረቤቴ ተመሳሳዩን 1,200 ገዝታለች። ሦስት ሳምንት የእንጀራ ፍርፋሪና የእህል ጥራጊ በላ፣ ገንዘብ አላወጣሁበትም። ልጆቹን ብቻ ስም እንዳታወጡለት ብዬ ነገርኳቸው፣ አንድ ጊዜ ስም ካወጡለት በኋላ ማረድ ከባድ ነው፣ አይቼዋለሁ። ሽንኩርቱንም ቀደም ብዬ 3 ኪሎ በ240 ወሰድኩና አልጋ ሥር ወለሉ ላይ በትኜ አቆየሁት፣ የማርቆስ ብርድ በታኅሣሥ ፍሪጅ ነው።

እንቁላሉ ግን ከራሴ ነው። አከራያችን ደግ ሰው ናቸው፣ ጓሮ ሁለት ሴት ዶሮ እንዳረባ ፈቅደውልኛል። ጾሙ ሲገባ የጣሉትን ሸጥኩት፣ የኋለኞቹን ግን ጤፍ ውስጥ ቀብሬ አስቀመጥኩ፣ እናቴ እንዲህ ነው የምታስቀምጠው። ዋዜማው ዕለት በውሃ ፈተንኳቸው፣ ደህናው ወደ ታች ይሰምጣል፣ የተበላሸው ይንሳፈፋል። ከ14ቱ አንዷ ብቻ ተንሳፈፈች። ትንሿ ልጄ እየቆጠረች ነበር፣ ያቺ አንዷ ስትወጣ ፊቷ ልውጥ አለ፣ ያንቺ ሁለቱ ውስጥ ናቸው ስላት ነው የተረጋጋችው።

ጾሙ ራሱ ደሞ ያለ ጣፋጭ አለፈ እንዳትሉ። ታኅሣሥ የሽምብራ እሸት ጊዜ ነው፣ መንገድ ዳር ሴቶች ከነተክሉ በእስር በእስር ይሸጡታል፣ ከሥራ ስወጣ አንድ እስር ይዤ እገባለሁ፣ ከሰሉ ላይ ጣል አድርገን ልጣጩ እስኪጠቁር እንለበልበውና ዙሪያውን ቁጭ ብለን እየፈለፈልን እንበላለን። እጃችን አፋችን ጥላሸት በጥላሸት። መብራት በጠፋበት ማታ ከዚህ የሚሻል ምን አለ? እኔ በበኩሌ ከሱቅ ብስኩት ጋር አላወዳድረውም፣ ባለቤቴ በነዚያ ማታዎች ነው ስለ ልጅነቱ ብዙ ያወራን፣ ሽምብራ ሲጠብቅ ዝንጀሮ ያባረረበትን፣ የገጠሩን ሜዳ፣ ሁሉንም። ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን።

እናቴም ብትርቅ አልረሳችንም። ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ዘመዳችን ሲመጣ በሃይላንድ ማር ላከችልን፣ የዘንድሮ ማር፣ ሰፈፉ ከላዩ ያለ። መቼም የጎጃም ማር ነው ብዬ አላወራም፣ የቀመሰው ያውቀዋል። ማሩን ለመብላት ብንጀምረው በሳምንት ያልቃል፣ ስለዚህ ለገና ብርዝ ይሁን አልኩ። ሁለት ሦስት ማንኪያ ማር በአንድ ጆግ ንጹህ ውሃ በጥብጦ ሰፈፉን አጥልሎ ማቅረብ ነው፣ ሌላ ሙያ የለውም፣ ግን ልጆቹ በብርሌ ሲጠጡት ትልቅ ሰው የሆኑ ይመስላቸዋል። ባለፈው ዓመት በዱቤ የገዛሁት ሳጥን ለስላሳ ይህንን አላደረገልኝም።

ጠላውን ብቻችንን አልጠመቅንም። ግቢያችን ውስጥ እኛና አንዲት አሮጊት እማማ፣ ከጎን ደሞ አንድ ወጣት ባልና ሚስት አሉ። ሦስታችን ጌሾውን ብቅሉን ገብሱን አዋጥተን በእማማ ጋን ጠመቅን፣ ሙያው የሳቸው ነው፣ ጋኑን በወይራ አጥነው፣ ጥንስሱን ጥለው፣ እኛ ውሃ ቀጂ እንጨት አቀባይ ነበርን። ድፍድፉ ላይ ሁለተኛ ውሃ ሲጨመርበት የሚወጣው ቅራሪ ለልጆቹ ሆነ። ድፎውም እንደዛው ነው፣ አንድ ምጣድ ከጋለ በኋላ ለአንድ ዳቦ ብቻ እሳት ማባከን ለምን? ዱቄቱን 3 ኪሎ በ300 ብር ገዝቼ ነበር፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሼ አቦካሁት፣ ኮባውን አከራያችን ከጓሮ ቆርጠው ሰጡን፣ ሦስታችን ተራ በተራ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ ከታችም ከላይም እሳት አድርገን ጋገርን። ኮባው ሲቃጠል ያለው ሽታ አለ አይደል፣ እሱ እኔን በቀጥታ ወደ እናቴ ጓዳ ነው የሚወስደኝ። ትንሽ አልቅሻለሁ፣ ጭሱ ነው አልኳቸው።

የዋዜማው ቀን ማክሰኞ ነበር። ከሥራ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ መጣሁ። ባለቤቴ ዶሮውን አርዶ ሰጠኝ፣ እኔ ነጭቼ ለብልቤ 12 ብልት አወጣሁ፣ በሎሚና በጨው ደግሜ ደጋግሜ አጠብኩት፣ እዚህ ላይ ውሃ አይቆጠብም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ከሰል ላይ ጣድኩት። የዶሮ ወጥ ብር ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ ሰዓት ነው የሚፈልገው፣ ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ቅልጥ ብሎ እስኪጠፋ ድረስ ማማሰል ነው፣ ቸኩለህ በርበሬ ከጨመርክበት ስንት ቅቤ ብታፈስበት አይድንም። በርበሬው በቡሬ በኩል የመጣ ነው፣ ጥቅምት ላይ ከእማማ ጋር ቀንጥሰን ደልዘን ያስፈጨነው። ከዛ ቅቤው ገባ፣ ከዛ ዶሮው።

እና ጾም ስለሆነ መቅመስ የለም። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል፣ በዓመት ውስጥ ትልቁን ወጥ የምንሠራው ሳንቀምሰው ነው። እናቶቻችን በማሽተት ነው ጨው የሚያውቁት። እማማን ጠራኋቸው፣ መጡ፣ ክዳኑን ከፈት አድርገው ጎንበስ አሉና "ልጄ ጨው አንሶታል፣ ትንሽ ብቻ፣ በሦስት ጣትሽ" አሉኝ። በሦስት ጣቴ ጨመርኩ። እንደገና አሸተቱ። "በቃ አሁን ተይው" አሉ። በማግስቱ ስንቀምሰው ልክ ነበር፣ አልጎደለም አልበዛም፣ እኔ እስከዛሬ እንዴት እንዳወቁት አልገባኝም፣ ለመማር ግን ቆርጫለሁ።

ሌሊቱን አብማ ማርያም ሄድን፣ እማማ "እኔ ወገቤ አይችልም፣ ድስቱን እጠብቃለሁ" ብለው ቀሩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ጧፍ ይዞ፣ ትንሿ እቅፌ ላይ ተኛች፣ ትልቁ ከአባቱ ጋር ቆሞ አነጋ። ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ማንም ማንንም ሳያውቅ እንኳን አደረሳችሁ እንኳን አብሮ አደረሰን ይባባላል፣ በዚህ ዘመን ሰው ለሰው እንዲህ ሲል መስማት ራሱ ሆዴን ሞላው።

ቤት ስንደርስ መጀመሪያ ወተቱን ጣድኩት፣ አንድ ሊትር ነበር ያዘዝኩት። ቀስ ብዬ አፈላሁት፣ አወረድኩት፣ ጠበቅኩት። ስልባቦቱ ሲይዝ በማንኪያ አንስቼ የድፎው ቁራሽ ላይ አደረግኩና ቁጭ ብዬ በላሁት። ባለቤቴ ልጆቹን "ዝም በሉ እናታችሁ ገና እየዋለች ነው" አላቸው። 44 ቀን ከጾሙ በኋላ ያቺ አንድ ጉርሻ ምን እንደምትመስል ለጾመ ሰው አልነግረውም።

ዘንድሮ ገና ረቡዕ ስለዋለ ትንሿ ገበታው ሲቀርብ እጇን ሰበሰበችና "ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?" አለች። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይ ዓርብ ቢውሉ እንደሚበላ አስረዳኋት፣ የገናን ገሃድ፣ የዋዜማውን ጾም፣ ትናንት ጾመናል አልኳት። ሁለቱን እንቁላል ሳህኗ ላይ ሳደርግላት ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸውና ብዙ አየቻቸው፣ አልቸኮለችም። እማማ እንደ እናት ከኛ ጋር ነው የዋሉት፣ መላላጫውን ለሳቸው አወጣሁ፣ ፈረሰኛውን ለባለቤቴ፣ እሳቸው መርቀው ቆርሰው አጎረሱን፣ ከዛ ጠላው፣ ብርዙ፣ ቄጠማው ላይ ቡናው፣ ፈንዲሻው። ልጆቹ ጥድ ቅርንጫፍ ላይ ጥጥ ለጥፈው የገና ዛፍ ሠርተው ነበር፣ የሚበራ መብራት የለውም ግን ቤቱን ጥድ ጥድ አሸተተው።

ከሰዓት ትልቁ ዱላውን ይዞ ወጣ። ጫፉ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ ፈልጎ ቆርጦ በእሳት ለብልቦ ልጦ ነበር ሰሞኑን ሁሉ፣ ጥንጉንም ከእንጨት ጠርበው አድቦልብለው። ሜዳው ላይ የሰፈሩ ልጆች ከሁለት ተከፍለው እስኪመሽ ተጫወቱ፣ አባቶችም ገቡበት፣ ባለቤቴ ቅልጥሙን ተመትቶ እያነከሰ እየሳቀ መጣ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ አይደል የሚባለው፣ የመታው ደሞ የገዛ ልጁ ነው። ሲመሽ ትልቁ ሸንኮራውን በር ላይ ተቀምጦ በጥርሱ እየላጠ ሲመጥ አየሁት፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ለእህቱ አንጓ አንጓ እየቆረጠ እየሰጠ።

ሐሙስ ቀሪውን ወጥ በላን፣ ሁሉንም ግን አይደለም፣ ምክንያቱም በማግስቱ ዓርብ ጾም ነው፣ እንዲህ ዓይነት ሳምንት ሲመጣ አብዛኛው ሰው ዓርብ እንዳይገባበት ብሎ ሐሙስ ማታ ተጨናንቆ ይጨርሰዋል። እኔ ሁለት ጭልፋ የሚሆን ቁሌት በትንሽ ድስት ለይቼ አስቀመጥኩ፣ በዚህ ብርድ ምንም አይሆንም። ዓርብ ሽሮ በላን።

ቅዳሜ ጥር 2 ባለቤቴ ሥጋ ቤት ሄዶ ግማሽ ኪሎ ሥጋ በ400 ብር ይዞ መጣ። የበዓሉ ግርግር ስላለፈ ሰልፍም የለም፣ ደህና ቦታ መርጠው ቆረጡለት። ዳጣውን ጾሙ ሳይወጣ ነው ያዘጋጀሁት፣ ቃሪያውን ነጭ ሽንኩርቱን ዝንጅብሉን በሶብላውን ጤና አዳሙን በእማማ ድንጋይ ፈጭቼ በጠርሙስ ከድኜ አስቀምጬው ነበር፣ ሲቆይ ነው የሚበስለው። ግማሹን ሥጋ ለልጆቹ ጠበስኩላቸው፣ ግማሹን እሱ በቢላ እየቆረጠ ዳጣ እያስነካ በላ፣ በየመሐሉ ለኔ ያጎርሰኛል፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ቃሪያው ኃይለኛ ነበር። የተለየውን ቁሌት በድርቆሽ ፈትፍቼ ጨመርኩበት፣ የቅቤውን ዝቃጭ ጣል አድርጌ፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከረቡዑ ገበታ ይልቅ የቅዳሜው ፍትፍት ነው በአፌ የቀረው።

ማታ ደብተር አውጥቼ ደመርኩት። ዶሮው ሽንኩርቱ ቅቤው ዱቄቱ ሥጋው 2,240 ብር፣ ቡናው፣ የጠላው መዋጮ፣ ወተቱ፣ ሸንኮራው፣ ቄጠማውና ፈንዲሻው ተደምረው 650። ሁሉም በአንድ ላይ 2,890። ከቆርቆሮው 110 ብር ተረፈ። ሰኞ ጠዋት በሰፈሩ ሱቅ በር አለፍኩ፣ ባለሱቁ እንኳን አደረሰሽ አለኝ፣ ቆሜ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩት፣ በዛችው ብር ስኳር ገዛሁ፣ በእጅ በእጅ።

ሁዳዴ ዘንድሮ፣ በ2018፣ የካቲት 9 ነው የሚገባው፣ እስከዛ ጥምቀት አለ፣ ጥር 11። ሁለተኛዋ የቅቤ ብልቃጥ ቁምሳጥኑ ላይ እንደተከደነች አለች፣ ዶሮዎቹም ዛሬ ጠዋት ሁለት ጥለዋል።